እህል፣ ማርና በርበሬ ከሰፈር ሸማቾች ሱቅ ሲገዙ፦ ከቤት ከመውጣት እስከ ጓዳ

«ሸማቾች ሄጄ ምኑን ልግዛ? ምኑን አይቼ ልመን?» ጎንደር ውስጥ አዲስ ቤት የሚመሠርቱ፣ ሐኪም አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ የነገራቸው፣ ከገጠር ዘመድ ይላክላቸው የነበረው እህል የቀረባቸው ሰዎች ሁሉ ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። መልሱን እነሆ። መመሪያው የተጻፈው ለትንሹ የሰፈር ሱቅ ነው፤ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከዩኒየን ወይም ከገበሬዎች ያመጣውን ጤፍ፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል፣ ማር፣ በርበሬና ቅቤ በኪሎ ለሚሸጥበት። የሚሄዱት የኮታ ዘይትና ስኳር ለመውሰድ ብቻ ከሆነ ደረጃ 1ን እና 5ን አንብበው ይለፉት።

ሌላው ሁሉ ቢረሳ አንድ ነገር ይያዙ፦ ያልተፈጨውን ይግዙ። ፍሬውን ዓይንም ጥርስም ይፈርደዋል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን የሚቀርዎት የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የአባልነት ደብተር (ካለዎት) እና የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ
- ንጹሕና ደረቅ ማዳበሪያ ወይም የጨርቅ ከረጢት፣ ለእያንዳንዱ እህል አንድ
- ለማር ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ፣ ለቅቤ ክዳን ያለው ዕቃ
- ነጭ ሳህን ወይም ነጭ ወረቀት
- ጥርት ያለ ብርጭቆና ግማሽ ሊትር ውሃ
- ትንሽ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስና 3 ማንኪያ ፍጹም የደረቀ ጨው
- ክብደቱን አስቀድመው የሚያውቁት ዕቃ፤ ያልተከፈተ የ1 ኪሎ ጨው ወይም ፓስታ ይበቃል
- እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት

ፌስታል ለእህል አይያዙ። ይቀደዳል፤ ከዚያም በላይ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ያልባል፣ እርጥበቱም እህሉ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 1። ከሱቁ ጋር ያለዎትን ግንኙነት ያስተካክሉ

አባል ለመሆን የመመዝገቢያና የዕጣ ክፍያ አለ፤ መጠኑ በየማኅበሩ ስለሚለያይ እዚያው ይጠይቁ። ዕጣ ማብዛት ድምፅ አይጨምርም፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። ስለዚህ ዓላማዎ መሸመት ብቻ ከሆነ ዝቅተኛውን ዕጣ ገዝተው ይጀምሩ። የዓመቱ ትርፍ ሲከፋፈል ግን ከዕጣው ሌላ ከማኅበሩ ምን ያህል እንደገዙም ስለሚታይ፣ ግዢዎ በስምዎ መመዝገቡን በየጊዜው ያረጋግጡ።

ዕቃ የሚገባበትን ቀን ይጠይቁ። አብዛኛው ትንሽ ሱቅ ጤፍና ጥራጥሬ በየቀኑ አያስገባም፤ የገባ ዕለት የሄደ ከሙሉ ጆንያ ይመርጣል፣ የዘገየው ጠርዙንና ትቢያውን ያገኛል። ሲሄዱ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይሁን። በአምፖል ብርሃን ነቀዝ የበላውና ያልበላው፣ ሻጋታና አቧራ አይለይም፤ መብራት የጠፋ ዕለትማ ጨርሶ አይገዙ።

ደረጃ 2። ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ

ከየት መጣ? መቼ ገባ? ነቀዝ እንዳይገባው ምን ተደረገበት?

የመጀመሪያው ጥያቄ ለወሬ አይደለም። የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገብስና ባቄላ፣ የመተማ ሰሊጥ ሲባል መነሻው የሚታወቅ ጭነት ነው ማለት ነው። ችግር ቢገኝበት ማኅበሩ ለማን እንደሚመልሰው ያውቃል። «ከገበያ ነው የተሰበሰበው» ከተባሉ ግን ከብዙ ሰው የተቀላቀለ ስለሆነ አንዱ ጆንያ ስለሌላው አይመሰክርም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ መፈተሽ ይኖርብዎታል።

ሁለተኛው ከመኸር ወቅት ጋር ይያያዛል። ሰሊጥና የመኸሩ ማር ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ኑግ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ጤፍ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሽምብራ ጥርና የካቲት ይደርሳሉ። አዲስ እህል በዚያ ሰሞን ዋጋው ይረክሳል፣ ግን ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። በነሐሴና በመስከረም የሚሸጠው ደግሞ ደረቅ ቢሆንም ክረምቱን መጋዘን የከረመ ስለሆነ ነቀዙን አጥብቀው ይፈልጉ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የነቀዝ ክኒን የተደረገበት እህል ከሆነ መቼ እንደተደረገና መጋዘኑ ተከፍቶ ምን ያህል ጊዜ እንደተናፈሰ ይወቁ። ከፍሬው መሐል ግራጫ ዱቄት ካዩ፣ ወይም እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ያለ ሽታ ከመጣብዎ በእጅዎ አይንኩት፣ አጠገቡ አይቆዩ፣ ለሻጩ ይንገሩ።

ደረጃ 3። ናሙናው ከመሐል ይሁን

የጆንያው አፍ ላይ ያለው ሁልጊዜ ያማረው ነው። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንዳንድ እፍኝ ወስደው ነጩ ሳህን ላይ ለየብቻ ያስቀምጡ። ከታች የወጣው ከላዩ በጣም የተለየ ከሆነ አይግዙ። እጅዎን እስከ ክርን ሲያስገቡ የሚሰማዎትንም ልብ ይበሉ። መሐሉ ከሞቀ ነቀዝ ወይም እርጥበት ሥራ ላይ ነው፤ የነቀዝ ትንፋሽና ሻጋታ እህልን ያግላሉ።

እርጥበቱን በጨው ይለኩ። ጠርሙሱን ሲሶ ያህል በእህሉ ይሙሉ፣ ደረቁን ጨው ይጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥመው 1 ደቂቃ ያህል ይነቅንቁ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደዚሁ ከተቀመጠ ይሻግታል። ጠርሙሱ ራሱ እርጥብ ከሆነ ፈተናው ይዋሻል። ለሽምብራ፣ ለባቄላ፣ ለገብስና ለስንዴ ጥሩ ነው፤ ለጤፍ ግን ጨውና ፍሬውን መለየት ስለሚያስቸግር የናሙናው እፍኝ ባከነ ማለት ነው።

ደረጃ 4። እንደየዓይነቱ ይፈትሹ

ጤፍ። ማኛም ሆነ ሰርገኛ ዋናው ጠላቱ አሸዋ ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አሸዋው በወንፊት አይለይም። ሁለት ማንኪያ ጤፍ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ውሃ ይሙሉበትና አማስለው ጤፉ ገና ሲዞር ከነውሃው ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት። ከባዱ አሸዋ ብርጭቆው ሥር ይቀራል። ሥሩ ላይ የጣት ጫፍ የሚሸፍን ያህል ከቀረ ያን ጤፍ ይተዉት፤ ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ የሚያወጣው የለም። ጊዜ ከሌለዎት ጥቂት ፍሬ በፊት ጥርስዎ ይንከሱ፤ አሸዋ ካለ ጥርስ ወዲያው ያውቀዋል። ንጣቱ ዋጋውን እንጂ ጤናማነቱን አይወስንም፣ ስለዚህ ለቤት እንጀራ ሰርገኛ ወይም ቀይ ወስደው ልዩነቱን ለጥራጥሬ ቢያውሉት ይሻላል።

ጥራጥሬ። 100 ፍሬ ቆጥረው ቀዳዳ ያላቸውን ይለዩ። ከ5 ከበለጡ ይለፉት፤ አንድ ቀዳዳ ማለት አንድ ነቀዝ ወጥቶበታል ማለት ሲሆን ገና ያልወጡት ፍሬው ውስጥ ናቸው። ሽምብራ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተለጥፎ ካዩ የነቀዝ እንቁላል ነው። ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት የሚንሳፈፈውም ውስጡ የተበላ ነው። ምስርና አተር በተቻለ መጠን ድፍኑን ይግዙ፤ ክክ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መልኩ ያላማረው ነው።

ሽሮ። ጎንደር ላይ ሽሮ ሲገዛ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ምኑ ነው? ጓያ አለበት?» የሚለው ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ይቀላቀላል፤ ተከክቶ ወይም ተፈጭቶ ሲቀርብ ደግሞ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ድፍኑን ግን ያውቁታል። እንደ አተር ክብ አይደለም፣ ማዕዘን ያለው፣ የሽብልቅ ቅርጽ የያዘ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ነጠብጣብ ያለበት ነው። አልፎ አልፎ የሚበላ ጓያ የሚያሳስብ አይደለም፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ጎድቶ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። መቀቀል ብቻውን መርዙን አያጠፋውም። ብዙ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ስለዚህ የሽሮ እህሉን ለየብቻ ገዝተው ራስዎ ለቅመው ያስፈጩ። ለ5 ኪሎ ምጥን 3 ኪሎ ሽምብራና 2 ኪሎ አተር ወይም ባቄላ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቅመሙ እንደ ቤቱ።

ተልባ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ያኝኩ። ለዛው የጠፋ ዘይት ጣዕም ወይም መራራነት ካለው ዘይቱ ተበላሽቷል፣ ማመስም አያድነውም። የተፈጨ ተልባ አይግዙ፤ ሲፈጭ ዘይቱ ከአየር ጋር ይገናኝና በቀናት ውስጥ ጣዕሙ ይለወጣል። ድፍኑ ግን በደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል፤ በየሳምንቱ የሚበቃዎትን ብቻ አምሰው ይፍጩ። ኦቾሎኒ ሲመርጡ የጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን ይጣሉ እንጂ «ሲታመስ ይጠፋል» አይበሉ። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በእሳት አይጠፋም።

ማር። ክብሪት ማቀጣጠል፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ፣ ወረቀት ላይ ማንጠብጠብ አስተማማኝ ፈተና አይደሉም፤ ጊዜዎን አያጥፉበት። በሚዛን የሚሠራው ይኸውና። ሃይላንዱን ባዶውን ይመዝኑ። አንገቱ ላይ ምልክት አድርገው እስከዚያ ውሃ ሞልተው ይመዝኑ፤ ይህን ቤትዎ ወይም ሱቁ ውስጥ አስቀድመው ይጨርሱት፣ ጠርሙሱንም በደንብ ያድርቁት። ከዚያ እስከዚያው ምልክት ማር ይሙሉበት። የባዶው ክብደት ከተቀነሰ በኋላ ማሩ ከውሃው 1.4 እጥፍ ገደማ መክበድ አለበት፤ ውሃው 1 ኪሎ ከሆነ ማሩ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ። ከ1.35 በታች ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፣ ይቦካል። የተበጠበጠ ስኳር ግን እንዲሁ ሊከብድ ስለሚችል ይህ ፈተና ውሃውን እንጂ ስኳሩን አይዝም፤ ለስኳሩ መከታው የደረጃ 2 የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። አረፋና የመኮምጠጥ ሽታ ካለው መቡካት ጀምሯል። በብርዱ ወራት መርጋቱ ግን ጉድለት አይደለም፤ ዕቃውን እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲያቆሙት ይመለሳል።

በርበሬ። ዛላውን ይግዙ። 10 ዛላ ቀደው ውስጡን ይዩ፤ ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለ ይመልሱት። ሲጨብጡት የሚሰበር መሆን አለበት፤ የሚለመጥ ከሆነ ለክብደት ውሃ ተረጭቶበት ይሆናል። የግድ የተፈጨ ከሆነ ግማሽ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሳያማስሉ ይበትኑ። ወዲያው ቁልቁል የሄደና ሥሩ ሲታሽ የሚሻክር የሸክላ ወይም የጡብ ዱቄት ነው። ውሃውን ወዲያው በቀይ ክር ያሰመረው ደግሞ ቀለም ነው፤ የበርበሬ የራሱ ቀለም በውሃ ሳይሆን በዘይት ነው የሚለቀው።

ቅቤ። 100 ግራም አቅልጠው ሲያረጉት የሚቀረው ጥሩ ቅቤ 80 ግራም ገደማ ነው። የሚጣበቅ ጥቁር ዝቃጭ ከወጣ ሙዝ የመሰለ ነገር ተቀላቅሎበታል። የአትክልት ቅባት ግን ቤት ውስጥ አይታወቅም።

ደረጃ 5። ሚዛኑን ይፈትኑ፣ ከዚያ ይክፈሉ

የያዙትን የ1 ኪሎ ዕቃ ያስመዝኑ። 20 ግራም ቢጎድል በ25 ኪሎ ጤፍ ላይ ግማሽ ኪሎ ነው። ዕቃዎ ባዶውን ይመዘንና ይቀነስ፤ የማርና የዘይት ዕቃ ላይ ይህ ሲረሳ ፕላስቲኩን በማር ዋጋ ይገዙታል።

ሊትርና ኪሎ አይደበላለቁብዎ። 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ በኪሎ የተነገረን ዋጋ በሊትር ከተነገረ ጋር ሲያነጻጽሩ የኪሎውን ዋጋ በ0.92 ያባዙ። ጥራጥሬም ሲያወዳድሩ የንጹሑን ዋጋ ያስሉ። 1 ኪሎ ምስር ተለቅሞ 930 ግራም ከቀረ፣ ዋጋውን ለ0.93 ያካፍሉ። በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ ውዱ ይረክሳል።

በቴሌብርም ሆነ በጥሬ ገንዘብ ይክፈሉ፣ ደረሰኙ ላይ ዓይነቱ፣ ኪሎውና ቀኑ መጻፉን ይዩ። ደረሰኝ ከሌለ የተበላሸ ዕቃ መመለስም፣ የዓመቱን ግዢ ማስቆጠርም ያስቸግራል።

ደረጃ 6። ለቅሞ ማስፈጨት

ለቅመው፣ አበጥረው፣ የሚታጠበውን ውሃ በመጣበት ቀን አጥበው፣ ሸራ ላይ በፀሐይ ያድርቁ። አስፋልት ወይም አፈር ላይ አይስጡ፤ ያወጡትን አሸዋ መልሰው ማስገባት ነው። ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ ይጠይቁ። ቤት ውስጥ የስንዴ ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ ይህ ግዴታ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ከስንዴ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ ግን የቀደመውን ዱቄት ይዞ ይወጣል፤ የመጀመሪያውን 1 ወይም 2 ኪሎ ለሌላ ሰው ያስቀምጡ፣ አስተማማኙ ግን ስንዴ የማይፈጭበትን ወፍጮ መፈለግ ነው። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ስለሆነ አፉን ከፍተው ያቀዝቅዙት፤ ትኩሱን ካሰሩት ላቡ ያጓጉለዋል። ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ዱቄት አያስፈጩ።

ደረጃ 7። ማስቀመጥ

ነቀዝ የሚሞተው አየር ሲያጣ ነው። ከ10 ኪሎ በታች ላለ ጥራጥሬ ደረቅ ባለ 2 ሊትር ሃይላንዶች ይበቃሉ፦ እያንዳንዱን እስከ አፉ ሞልተው፣ መሬት ላይ መታ መታ አድርገው አጠጋግተው እንደገና ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ። ግማሽ ጠርሙስ አየር ካለ ነቀዙ ይኖርበታል። ለ50 ኪሎና ከዚያ በላይ ሦስት ንብርብር ያለው ፒክስ ከረጢት ይሻላል፤ ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች አየሩን ጨምቀው ለየብቻ ይሰሯቸው፣ ለአንድ ወር አይክፈቱት። ከግድግዳ ራቅ አድርገው ጣውላ ላይ ያስቀምጡ። በፀሐይ የሞቀ እህል ሳይበርድ አይዘጋ።

አዮዲን ያለውን ጨው በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁ፣ ወጡ ላይም ሊወርድ ሲል ይጨምሩት፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ይቀንሳል።

ማስጠንቀቂያ

- የነቀዝ ክኒን ቤት ውስጥ በፍጹም አያስገቡ። እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ይገድላል።
- ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ለጣት ቅምሻ እንኳ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተህዋስ ለሕፃን አደገኛ ነው።
- የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ማር እንደ ስኳር ነው የሚቆጠረው፤ «የተፈጥሮ ነው» ማለት የደም ስኳርን አይቀንስም።
- ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦም ሆነ አብሽ ለመድኃኒትነት ተብለው ሲቀርቡልዎ የጀመሩትን የሐኪም መድኃኒት አያቁሙ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ለጾም መግቢያ ሁለት ቀን ሲቀረው መሄድ። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ሽሮ፣ ተልባና ሱፍ ቶሎ ያልቃሉ፣ የቀረው ያልተመረጠው ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ይበሉ። ለጥምቀትም እንዲሁ፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ቅቤና ማር መርጦ መግዛት አይታሰብም።

አዲሱን ከአሮጌው ላይ መገልበጥ። የጓዳው ጠርሙስ ሥር የቀረ አንድ ነቀዝ ያለበት ፍሬ አዲሱን ሙሉ ይበላዋል። ዕቃውን ባዶ አድርገው፣ አጥበው፣ በፀሐይ ካደረቁ በኋላ ይሙሉ፤ የገዙበትን ቀንም ላዩ ላይ ይጻፉ።

ስለረከሰ ብቻ ኩንታል መግዛት። ማድረቂያ ቦታና አየር የማያስገባ ዕቃ ከሌለዎት 25 ኪሎ እየገዙ መመላለስ ያዋጣል።

የጎደለውን ቤት ደርሶ ማየት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳሉ እንደገና ይመልከቱ፣ የሚለወጥ ካለ እዚያው ያስለውጡ፤ ከተወሰደ በኋላ «ቤትዎ ነው የነቀዘው» ቢባሉ መልስ የለዎትም። ደረጃ 3 ላይ የወሰዱትን አንድ እፍኝ ናሙና በወረቀት ጠቅልለው ቀን ጽፈው ቢያስቀምጡ ግን ለማነጻጸር ይረዳዎታል።